ኔትቡኩ የተመረቀ ዕለት

ወንድሜን ካሳሁንን ይቅር አላልኩትም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሰምታችሁ ስትጨርሱ «መቼም እህትና ወንድም ናችሁ» ምናምን እንዳትሉኝ። እህትና ወንድም መሆናችንን እኔም አውቃለሁ። አንድ ጡት ነው የጠባነው፣ አንድ የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፣ አባታችን አቃቂ ጣቢያ ሲሠራ ምሳውን ተራ በተራ ነው ያመላለስነው። ቢሆንም ይቅር አላልኩትም።

የሺሐረግ እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ ግሮሰሪ አለኝ። ሰፊ አይደለም፤ ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተዋል፣ ግድግዳው ሥር የቢራ ሳጥን ተደርድሯል፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ማታ ስዘጋ የማጋድመው የብረት መቀርቀሪያ ይቆማል። ይኼን ብረት ልብ በሉልኝ። ሰካራም ሲያስቸግረኝ አነሳዋለሁ እንጂ ሰው ላይ አሳርፌው አላውቅም ነበር። አፌ ይበቃኛል።

ልጄ ጌዲዮን ነው፤ ሌላ የለኝም። አባቱ ልጁ ጥርስ እንኳ ሳያበቅል ጥሎን ሄደ፤ የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ተገላገልን። አብሮኝ ያሳደገው ካሳሁን ነው። ያኔ ካሳሁን የድሮው ባቡር ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ሐዲዱ ይወስደውና ባቡሩ ሲያልፍ አብረው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጌዲዮን ስታድግ ምን ትሆናለህ ሲባል ባቡር ነጂ ማለትን የተማረው ከአጎቱ አፍ ነው።

ከዚያ የድሮው ባቡር ሞተ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ በግ ዋለበት፣ ካሳሁንም የቀን ሥራ እየለቃቀመ እኔ ግሮሰሪ ጥግ ላይ ማምሸት ጀመረ። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሄደ። ኋላ ቻይኖቹ በእንዶዴ በኩል አዲሱን ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምሩ የባቡር ቤተሰብ የሆነ ሁሉ ነፍስ ዘራ። ለነጂነት የሚመረጡ ሰዎች ቻይና ሄደው ይሠለጥናሉ ተባለ። አጎትና የእህት ልጅ አብረው ተመዘገቡ፤ ካሳሁን የድሮ ሠራተኛ ነው ተብሎ ዕድሜው ታለፈለት። የጽሑፉን ፈተና ሁለቱም አለፉ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ሰፈሩን በቢራ አጠጣሁት።

ነገር የተበላሸው የዓይን ምርመራው ላይ ነው። ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል ያሳዩህና በመሀሉ ያለውን ቁጥር አንብብ ይሉሃል። ጌዲዮን ፉት አለው። ካሳሁን ምንም አልታየውም። ቀይና አረንጓዴ አይለይም ተባለ፤ ይኼ ደግሞ መድኃኒት የለውም። እናንተዬ፣ አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው፣ ዕድሜውን በባቡር መብራት ሥር የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ነው ያወቀው። ለካ እስከዚያ ድረስ መብራቱን የሚለየው በቀለሙ ሳይሆን የላይኛው ነው የታችኛው እያለ ነበር። ማታ መጥቶ ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ እያነሳ «እትዬ፣ ይኼስ ምን ዓይነት ነው?» እያለ ጠየቀኝ። አንጀቴን በላው። ያኔ ገና አለቅስለት ነበር።

ግሮሰሪ ውስጥ ምስጢር አያድርም። ደንበኞቼ ሰምተው መጫወቻ አደረጉት። በተለይ ጋሽ መገርሳ፣ የፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ፣ ካሳሁን ሹራብ ለብሶ በመጣ ቁጥር ቀለሙን ይጠይቀዋል። ካሳሁን አብሮ ይስቅ ነበር። ሲስቅ ግን ዓይኑ አይስቅም፤ እኔ እህቱ ነኝ፣ አውቃለሁ።

የጌዲዮን መሄጃ ሲቃረብ የዕቃ ነገር ተነሳ። ለሥልጠናው የሚያጠናበት፣ ለእኔ ደግሞ ፊቱን የሚያሳየኝ አንድ ነገር ይዞ መሄድ አለበት። ከጎኔ ሳዲቅ የሚባል የስልጤ ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ጨዋ ልጅ ነው፤ መጠጥ ቤት ነው ብሎ ደፌን አልፎ አያውቅም፣ በር ላይ ቆሞ ሚሪንዳውን ጠጥቶ ይሄዳል። እሱ ዘንድ ሁለት ዕቃ ተገኘ፤ አንዱ ኔትቡክ የሚሉት ትንሽ ላፕቶፕ፣ አንዱ ታብሌት። ጌዲዮን ኔትቡኩን ፈለገ። መጻፊያ ቁልፍ አለው፣ ፍላሽ ይሰካል፣ ትምህርቴን ቁጭ ብዬ እጽፍበታለሁ አለ። ካሳሁን ደግሞ ታብሌት ካልሆነ ብሎ ሙግት ገጠመ። ቀላል ነው፣ ለመንገድ ነው የተሠራው፣ ኪስ በመሰለ ቦርሳ ይገባል፣ ነጂ ጭኑ ላይ ክዳን ከፍቶ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም ይላል።

ከዚያ በኋላ ግሮሰሪው ሁሉ ሊቅ ሆነ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ስለ ባትሪ ይከራከራል። እኔ ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታየኝን ስጡት አልኩ፤ ሳዲቅ ሁለቱም ካሜራ አላቸው አለኝና አረፍኩ። ካሳሁን ግን አላረፈም። ሲነሳም ሲቀመጥም «እኔ ብሆን ታብሌት ነበር የምይዘው» ይላል። እኔ ብሆን፣ እኔ ብሆን። አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠብኩ ስሰማው ገባኝ፤ ሰውዬው የሚከራከረው ስለ ዕቃው አይደለም፣ በሐሳቡ ቻይና ሄዷል። ገብቶኝም ዝም አልኩ። ሰው በሐሳቡ ቢሄድ ምን ይጎዳኛል ብዬ ነዋ።

ጌዲዮን ኔትቡኩን ወሰደ። ሰኞ ሊበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምርቃት ተደረገ። እኛ ሰፈር አዲስ ዕቃ ሳይመረቅ አይወጣም። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ጫማው በደንብ ካልተረገጠለት ቅር ይለዋል። አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው እኔ በር ላይ ያቆማታል፤ ጎማዋ ላይ ቢራ ይፈስሳል፣ ያግባሽ ያውጣሽ ይባላል፣ ከዚያ ባለቤቱ ይጋብዛል። ኔትቡኩም ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ሰው ከበበው፣ ጌዲዮን ቤቱን ጋበዘ። ሳዲቅ ከደፉ ላይ ሆኖ አጠቃቀሙን በአፉ ይመራዋል። ቻርጀር ሲሰካ ከጎኑ ትንሽ መብራት በራ። ሳዲቅ ይቺ ቀይ ስትሆን ባትሪው እየሞላ ነው፣ አረንጓዴ ስትሆን ሞልቷል ማለት ነው ብሎ አስረዳ።

«ለካሳሁን እኮ ሁሌም ሙሉ ነው» አለ ጋሽ መገርሳ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካሳሁን እንደ ልማዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ቀና ሲል ግን ጌዲዮንን አየው፤ ልጄ እየሳቀ ነበር። ክፋት ያለው ሳቅ አይደለም፤ ሊሄድ ነው፣ ደስ ብሎታል፣ ሁሉም ሲስቅ ሳቀ። ካሳሁን አፉን ገጠመ። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው ልጅ ሳቀበት። ይኼን ስል ወንድሜን እያስተዛዘንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ብድግ ብሎ ሙሉ ቢራውን አነሳ። «በሉ እንመርቅለት» አለ፣ ድምፁ ረጋ ብሎ ነበር። «ያግባህ፣ ያውጣህ» እያለ ኔትቡኩ ላይ ገለበጠው። ጠብታ አይደለም፣ ጠርሙሱን እስከ ታች። አረፋው በቁልፎቹ መሀል እየተንቸፈቸፈ ገባ። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ያቺም መብራት ጠፋች። ሳዲቅ ያን ጊዜ ነው ደፌን መጀመሪያ ያለፈው፤ ዘልሎ ገብቶ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ግን ያለቀ ነገር ነበር።

 ካሳሁን ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘ «ታብሌት ቢሆን በጨርቅ ይጠረግ ነበር። ነግሬህ ነበር» አለው።

ጌዲዮን ብድግ አለ። ኔትቡኩን እንደተከፈተ በሁለት እጁ አነሳና በአጎቱ ጉንጭ ላይ አጮለው። ክዳኑ ከማጠፊያው ሲገነጠል ሰማሁ። ካሳሁን ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ፣ ብርጭቆው ሁሉ አብሮት ወረደ። ሲነሳ ከአፉ ደም እየተፋ ነበር። ልጁን አንገቱን አንቆ ከፍሪጁ ጋር አጋጨው፤ ጌዲዮን በጉልበቱ ሆዱን መታው፤ ካሳሁን እንደገና ያዘው፣ ግንባሩን በግንባሩ መታው። ሰው ተው ተው ይላል እንጂ ማንም አይገባም። እኔ ባንኮኒውን ዞሬ እስክወጣ መሬቱ ቢራና ደም ሆኖ ያንሸራትተኛል። ስደርስ ልጄ ትንፋሹ እየተቆራረጠ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«አንተ ዕውር! እኔ ስነዳ ቆመህ ታየኛለህ። እሱም ከታየህ።»

ካሳሁን ለቀቀው። ከባንኮኒው ላይ ባዶ ጠርሙስ አንስቶ ጠርዙ ላይ መትቶ ሰበረው።

እኔ ያኔ መቀርቀሪያውን ይዣለሁ፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። የወንድሜን ፊት አየሁት። ጌዲዮን በፍሪጁና በግድግዳው መሀል ተጣብቋል፣ መሸሻ የለውም። ሰው በጠርሙስ ሊወጋ ሲል ሆድ ያያል፣ አንገት ያያል። ካሳሁን የሚያየው የልጄን ዓይን ነበር። ዓይኑን ብቻ። ያቺ ዓይን ከሌለች ቻይና የለም፣ ባቡር የለም፣ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። ይኼን ሁሉ አሰላስዬ አይደለም፤ አንጀቴ ነው የነገረኝ። እጁ ሲሰነዘር መሀላቸው ገባሁ።

መጀመሪያ አላመመኝም። ግራ ፊቴ ላይ የሞቀ ነገር ፈሰሰ፤ ቢራ መስሎኝ ነበር። ካሳሁን «እትዬ» አለኝ፣ እንደ ሕፃን፣ ጠርሙሱን ሳይጥል። ብረቱን አነሳሁና አንጓው ላይ አወረድኩበት። እጁ ቀጭ ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማ። ጠርሙሱ ወደቀ፣ እሱም ተንበረከከ፣ እጁን መሬት ላይ ዘረጋው። እንደገና አነሳሁና መታሁት። የመጀመሪያው ደመ ፍላት ነው በሉኝ። ሁለተኛውን እያወቅኩ ነው የመታሁት፣ ቢደገምም እመታዋለሁ።

ጌዲዮን አበደ። አጎቱን ገልብጦ ደረቱ ላይ ወጥቶ በቡጢ ፊቱን ይቀጠቅጠዋል፣ ካሳሁን መከላከል ትቶ ቡጢውን ይቀበላል። ሳዲቅና ሁለት ሰዎች ተረባርበው አነሱት፤ እግሩ እየተራገጠ ነበር። በቀረኝ ዓይን ይኼን ሳይ አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣብኝ፤ ፖሊስ ከመጣ ልጄ ጣቢያ ያድራል፣ ሰኞ አውሮፕላኑ ያለ እሱ ይሄዳል። ፎጣ ፊቴ ላይ ጫንኩና ቤቱን ጸጥ አሰኘሁት። ለፖሊስ የምትሉት ይኼን ነው፦ ሳጥን ተሸክሜ ቢራው ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ፣ ካሳሁንም ሊያነሳኝ ሲል ሳጥኑ እጁ ላይ ወደቀ፤ ሌላ ያወራ ሰው እዚህ ቤት አይጠጣም፣ ቀብሬም ላይ እንዳይቆም አልኩ። ፖሊሶቹ መጥተው ግድግዳው ላይ ያለውን ደም አዩ፣ እኛንም አዩ፣ አላመኑንም። ግን ሁሉም አንድ ቃል ሆነ። ጋሽ መገርሳ፣ ያ አፉ የማያርፍ፣ እየተንቀጠቀጠ በልጆቹ ማለላቸው።

ሆስፒታል ሐኪሙ ግራ ዓይንሽ አይተርፍም አለኝ። ለእኔ ብቻ እንዲነግረኝ ለምኜው ነበር። ለጌዲዮን ግን የዓይኔ ቆብ ነው የተሰፋው፣ ዓይኔ ደህና ነው አልኩት። ፋሻ ስለነበር አመነኝ። አመነኝ እንጂ አልተረጋጋም፤ ካሳሁንን ሳልገድል የትም አልሄድም ብሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉንጩን በጥፊ አልኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ መትቼው አላውቅም።

«የተወጋሁት ዓይንህን ይዘህ እንድትሄድ ነው። ከቀረህ እሱ አሸነፈ» አልኩት።

አለቀሰና ሄደ። ሳዲቅ ሰኞ በጠዋት ታብሌቱን አምጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተለት፤ የተሰበረውን ኔትቡክ ወስዶ ሩዝ ከረጢት ውስጥ ቀበረው። እንግዲህ ካሳሁን እንዳለው ለመንገድ የተያዘው ታብሌት ሆነ። ይኼ ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

ኔትቡኩ አልሞተም። ሳዲቅ አድርቆ፣ ፈታትቶ፣ ነፍስ ዘራበት። ከቁልፎቹ ግማሾቹ አይሠሩም፣ ቻርጀር ካልተሰካ አይበራም፣ ማጠፊያው ስለተገነጠለ ደግሞ ስክሪኑ በራሱ አይቆምም፤ ሰው በእጁ ደግፎ መያዝ አለበት። ካሜራው ግን ደህና ነው። እሑድ ጠዋት ግሮሰሪው ሳይከፈት ሳዲቅ ይመጣና ከኢንተርኔት አገናኝቶ ይይዝልኛል። ከቀኝ ጎኔ ሆኖ ይይዘዋል፤ በግራ በኩል ያለውን ጉድጓድ ልጄ እንዳያይ። ጌዲዮን ከዚያ ሆኖ ታብሌቱን እያዞረ ክፍሉን፣ ጓደኞቹን፣ የሚለማመድበትን የውሸት ባቡር ያሳየኛል። አጎቱን አንስቶት አያውቅም። አንዴ እኔ ስሙን ስጠራ ፊቱ ተለወጠና ያ ሰውዬ በሕይወት እስካለ አቃቂን አልረግጥም አለኝ። ዳግመኛ አላነሳሁም።

ካሳሁን በየቀኑ ይመጣ ነበር። ጄሶው ከተፈታለት በኋላ እጁ ተጣሞ ቀረ፣ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። አላስገባውም። ከበሬ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ሰው «ኧረ የሺ» ሲለኝ ሂሳቡን አስከፍዬ እሸኘዋለሁ።

አረፋ ሲደርስ ሳዲቅ እንደ ስልጤ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ለበዓሉ አገሩ ገባ። እሑዱ መጣ፣ የሚይዝልኝ ሰው የለም። ኔትቡኩን በሳጥን ሞከርኩ፣ በጠርሙስ ሞከርኩ፣ ይወድቃል። በሩን ከፈት አድርጌ ድንጋዩ ላይ ያለውን ሰውዬ ጠራሁት። ግባ፣ አፍህን ዝጋ፣ ይኼን ያዝ አልኩት። ገባ። ከቀኝ ጎኔ፣ ካሜራው ከማያየው ቦታ ተንበርክኮ ያዘው። በደህናው እጁ የታችኛውን፣ በተሰበረው እጁ ስክሪኑን።

ሳዲቅ ተመለሰ፤ እኔ ግን ካሳሁንን አልቀየርኩትም። ታረቀችው ትላላችሁ። አይደለም። ሲይዝልኝ እጁን ያመዋል፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እኔም ወሬዬን አስረዝማለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሲያመው ደስ ይለኛል። የልጄን ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊቱን ማየት አይችልም፤ ስክሪኑ ወደ እኔ ነው። ስንጨርስ ኔትቡኩን አስቀምጦ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። አንድ ቃል አንነጋገርም።

ባለፈው እሑድ ጌዲዮን ዋናውን ፈተና ማለፉን ነገረኝ። እውነተኛ ባቡር ነድቶ፣ መብራቱን ሁሉ በቦታው ለይቶ፣ አንድም ሳያጠፋ። እልል አልኩ። ከጎኔ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ፣ ስክሪኑ ከወትሮው ብሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጌዲዮን ወሬውን አቋረጠ።

«እማዬ፣ ማነው የያዘልሽ?» አለኝ።

«ሳዲቅ ነዋ።»

 «የሳዲቅ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለ። «ያ እጅ ሲሰበር አጠገብሽ ነበርኩ።»

 ካሳሁን ድምፅ ሳያሰማ እያለቀሰ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ወደ ጉልበቴ ወረደ፣ እንደምንም መለሰው። ልጄ ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲሳደብም ፈለግኩ፤ እኔ የቀረኝን ስድብ እሱ እንዲጨርስልኝ። ጌዲዮን ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ንገሪው፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፍ» አለ። «ደግሞ ወደ መሀል ያምጣው። ከመጣሁ ጀምሮ ግማሽ ፊትሽን ነው የማየው።»

መንገር አላስፈለገኝም። ካሳሁን ክርኑን አሳረፈ፣ ኔትቡኩን ጎትቶ ፊት ለፊቴ አመጣው። እኔ ይቅር አላልኩትም፣ አሁንም አላልኩትም። ግራ ዓይኔ ላይ ያወረድኩትን ሻሽ ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ሙሉ ፊቴን አዞርኩለት።

ልጄ እጁን አፉ ላይ ጫነ።